ሽሪምፕ ከመግባቷ በፊት

ከቧንቧ የተቀዳ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሕፃን ልጅ ጠጥቶት ምንም አይሆንም። ያንኑ ውኃ ወዲያው አኳሪየም በሚባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ሞልተን ሁለት ሳንቲ ሜትር የምታህል ሽሪምፕ ብንጨምርበት ግን ለነገ ላትደርስ ትችላለች። እኛ የጠጣነው ውኃ ሆድ ገብቶ ይጣራል፤ እሷ ግን ውኃውን ትተነፍሰዋለች። ውኃው ውስጥ የሟሟ ነገር ሁሉ ቀንና ሌሊት በስንጥቧ ላይ ያልፋል፣ በቀጥታም ከደሟ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ሽሪምፕ ማርባት የሚጀምረው ሽሪምፕ ከመገዛቱ ብዙ ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ውኃውን በማዘጋጀት ነው።

በዓለም ላይ በትንንሽ አኳሪየሞች በብዛት የምትረባው ኒዮካሪዲና የምትባለው ዝርያ ናት። የትውልድ አገሯ ቻይናና ታይዋን ነው። ቀዩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ቀለም አርቢዎች እየመረጡ ያወጡት ሲሆን፣ በተፈጥሮዋ ቡናማና ገላጣ ናት። ይህች ዝርያ ለደጋ አገር የተፈጠረች ትመስላለች፤ ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ተመችቷት ትኖራለችና። ከአዘዞ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ፀዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የቤት ውስጥ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ክልል ውስጥ ይውላል። ማሞቂያ መግዛት አያስፈልግም። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊት መስታወቱን ከመስኮት ማራቅ ይበቃል። የመስታወቱ መጠን ግን ከ20 ሊትር ባያንስ እመክራለሁ፤ ውኃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጠባዩም ቶሎ ይለዋወጣል፣ ሽሪምፕ ደግሞ ከመጥፎ ውኃ ባልተናነሰ ድንገተኛ ለውጥ ይጎዳታል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ክሎሪን ነው። የከተማ ውኃ ቧንቧው ጫፍ ላይ ሲደርስ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም የሚሆን ክሎሪን እንዲቀርበት ይፈለጋል፤ በመንገድ ላይ የሚገባ ተሕዋስ እንዲሞት ነው። ይኸው ክሎሪን ስንጥብን ያቃጥላል፣ በኋላ የምንፈልጋቸውን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በሰፊ ሳፋ ወይም ባልዲ ክፍቱን አንድ ሁለት ቀን ማሳደር። ፀሐይ ካገኘው ይፋጠናል። በፈረቃ የሚመጣውን ውኃ በሮቶ የሚያጠራቅም ቤት ሥራው ሳያስበው በከፊል ተሠርቶለታል፤ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጀሪካን የተቀመጠ ውኃ ግን ክሎሪኑን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ በሚጨመርባቸው ከተሞች ማሳደር ብቻውን አይበቃም፤ ማርከሻ ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲደፈርስ የማጣሪያ ጣቢያዎች የኬሚካል መጠናቸውን ስለሚለዋውጡ፣ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ሲቀየር ከወትሮው አንድ ቀን ጨምሮ ማሳደሩ አይከፋም።

ክሎሪኑ ወጣ ማለት ግን ውኃው ተዘጋጀ ማለት አይደለም። ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው።

ሽሪምፕ፣ የተረፈ ምግብና የረገፈ ቅጠል ሁሉም አሞኒያ ያመነጫሉ። በወንዝ ውስጥ አሞኒያው ይሄዳል፣ ይቀጥናል፤ በ20 ሊትር መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። የመርዙ ክብደት የሚወሰነው በአብዛኛው በውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ነው። አሞኒያ ውኃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው በስንጥብ በኩል ሰርጎ የሚገድል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ሲሆን ገዳዩ መልክ ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ከመቶ 5 ያልፋል፣ 9 ላይ ከሲሶ በላይ ይሆናል። ያው አሞኒያ፣ ያው መጠን፣ አንዱ ቤት ምንም ሳያደርግ ሌላው ቤት ይጨርሳል።

ይህን አሞኒያ የሚያነሱት ባክቴሪያዎች መሆናቸው የታወቀው ለአኳሪየም ሲባል በተደረገ ምርምር አይደለም። በ1877 እ.ኤ.አ. ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አሸዋና የኖራ ድንጋይ በተሞላ ቱቦ ውስጥ የፍሳሽ ቆሻሻ ያሳልፉ ነበር። ለ20 ቀናት ያህል ምንም ለውጥ አልታየም፤ አሞኒያው እንደገባ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ናይትሬት መታየት ጀመረ። ቱቦው ላይ የክሎሮፎርም ትነት ሲለቁበት ደግሞ ሥራው ቀጥ አለ። ድንጋይ በክሎሮፎርም አይደነዝዝምና ሠራተኞቹ ሕይወት ያላቸው መሆን አለባቸው። በ1890 እ.ኤ.አ. ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ዙሪክ ላይ ሆኖ ባክቴሪያዎቹን ለይቶ አወጣቸው፤ አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል።

ከመቶ ዓመት በላይ በመጽሐፍ የተጻፈው ይህ የሁለት ተቀባባዮች ታሪክ ነበር። ከዚያ የአኳሪየም መስታወት ራሱ ለሳይንስ አዲስ ነገር አበረከተ። በ2005 እ.ኤ.አ. በሲያትል ከተማ ከሚገኝ የሕዝብ አኳሪየም ጠጠር ውስጥ ባክቴሪያ ያልሆነ፣ አርኪያ ከሚባለው ወገን የሆነ አሞኒያ በል ተሕዋስ ተገኘ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሥራውን ከመነሻ እስከ መድረሻ ብቻውን የሚሠራ ናይትሮስፒራ የተባለ ባክቴሪያ ታወቀ፤ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ነበር። ይህን ሳስብ መስታወት ውስጥ ያለችውን የተዝረከረከች የስፖንጅ ማጣሪያ በሌላ ዓይን አያታለሁ።

የሽሎዚንግና የሙንትዝ 20 ቀናት ዛሬም አልተሻሩም። እነዚህ ተሕዋስያን አዝጋሚ ናቸው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ሲከፈሉ እነሱ ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀን በላይ ይወስድባቸዋል። በሞቃት አገር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚባለው ቀጠሮ በደጋ ቅዝቃዜ ሊረዝም ይችላል። አሠራሩ ይህ ነው፦ የታጠበ ጠጠር፣ የውኃ ተክልና በአየር መግፊያ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ገብቶ፣ ባዶው መስታወት ውስጥ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመራል። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፣ አሞኒያው ባክቴሪያዎቹን ይመግባል። መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፣ ቀጥሎ ናይትራይት፤ ሁለቱም በመለኪያ ዜሮ ሲሆኑና ናይትሬት ብቻ ሲቀር ውኃው ደርሷል። የቆየ አኳሪየም ያለው ሰው ከማጣሪያው ትንሽ ስፖንጅ ቆርሶ ቢሰጥ ለሊጥ እርሾ እንደመጨመር ነው፤ ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋና ማጣሪያው ከቆመ ግን ስፖንጁ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን በአየር እጥረት ይሞታሉ። ስለዚህ መብራት በሚጠፋበት ቤት በባትሪ የሚሠራ አየር መግፊያ ቢኖር ጥሩ ነው።

እንዲህ የቆየ መስታወት ውስጥ ቅጠሉም ጠጠሩም በስስ የባክቴሪያና የአልጌ ሽፋን ይለበጣል። ሽሪምፕ የምትኖረው በዚህ ነው። ጠጋ ብሎ ለተመለከታት፣ የፊት እግሮቿ ጫፍ ላይ ትንንሽ ብሩሽ መሰል ፀጉሮች አሉ፤ በተራ በተራ ቅጠሉን ትጠርግና ወደ አፏ ትወስዳለች፣ ቀኑን ሙሉ ሳታቋርጥ። ገና የተፈለፈሉት ግልገሎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ እናታቸው ቅርጽ ያላቸው ሲሆኑ፣ ራቅ ብለው ምግብ መፈለግ ስለማይሆንላቸው ይህ ሽፋን ከሌለ ይራባሉ። በጣም የጸዳ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ መስታወት ለሽሪምፕ ባዶ ማዕድ ነው።

ሌላው ማዕድን ነው። ሽሪምፕ የምታድገው ቅርፊቷን እየጣለች ነው፤ ትልቋ በየሦስት አራት ሳምንቱ፣ ትንሿ ከዚያም ባነሰ ጊዜ። ቅርፊቱ ከአንገቷ ጀርባ ይሰነጠቃል፣ በአንድ ዝላይ ትወጣለች፣ ባዶው ልብስ ሙሉ ሽሪምፕ መስሎ ጠጠሩ ላይ ይቀራል። ከውስጥ የወጣው አካል ለስላሳ ነው፤ ለማጠንከር ካልሲየም ይፈልጋል፣ አብዛኛውንም ከውኃው ይወስዳል። ካልሲየም የጎደለበት ውኃ ውስጥ ቅርፊቱ በወጉ አይሰነጠቅምና እዚያው ተጣብቃ ትሞታለች። የተጣለውን ቅርፊት ማንሳት አይገባም፤ ራሷ ትበላዋለች።

የጎንደር ደጋ የቆመው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ላይ ነው። በባዛልት ውስጥ ያለፈ የጉድጓድ ውኃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከተጋገረ ማዕድን አለ ማለት ነው። የክረምት ዝናብ በአንጻሩ ማዕድን አልባ ነው፤ በአዲስ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የወረደ ከሆነ ደግሞ ዚንክ ይዞ ይመጣል፣ ዚንክ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። በበጋ የአየሩ ድርቀት ውኃውን ሲያተን ማዕድኑ አይተንምና መስታወቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የተነነውን ለመሙላት ማዕድኑ ያነሰ የታሸገ ውኃ ይሻላል፤ መጠኑ ፕላስቲኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የቧንቧው ውኃ ለሳምንታዊው ቅየራ ይቆይ፤ ከመስታወቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን።

ስለ አየርም አንድ ነገር ልበል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በፀዳ ከፍታ የሚይዘው 7 ገደማ ነው። የውጭ አገር መመሪያ 30 ሊትር ውስጥ ይህን ያህል ሽሪምፕ ይገባል ቢል እኛ ቀነስ አድርገን ማንበብ አለብን።

መርዝን በተመለከተ የሚያስገርም ነገር አለ። የጣና ዓሣ አጥማጆች የብርብራን ፍሬ ፈጭተው ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ሲያሰክሩ ኖረዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ለዓለም የተረፈውን ግኝታቸውን የጀመሩት። ሁለቱም ተክሎች ስንጥብ ላለው ፍጡር አደገኛ ናቸው። ለሽሪምፕ ግን ከሁሉ የሚከፋው የነፍሳት መርዝ ነው፤ በዘር ለትንኝ ከዓሣ ይልቅ ትቀርባለችና። የወባ መከላከያ አጎበር የሚነከርበት ፐርሜትሪን ወይም ዴልታሜትሪን በሊትር ከአንድ ማይክሮግራም ባነሰ መጠን እንኳ እንዲህ ያሉ እንስሳትን ይገድላል። ያረጀ አጎበር ቆርጦ መጥለፊያ ወይም የማጣሪያ ሽፋን ማድረግ በምንም ምክንያት አይሞከር። አኳሪየሙ ባለበት ክፍል የትንኝ መርጫ አይነፋ። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒትም እንዲሁ፤ የሽሪምፕ ደም ራሱ በመዳብ ኦክስጅን የሚሸከም ሰማያዊ ደም ቢሆንም፣ ውኃ ውስጥ የሟሟ መዳብ ግን ስንጥቧን ያበላሻል።

ሁሉም ሲሟላ ማስገባቱ ዝግ ብሎ ነው። ሽሪምፖቹ በመጡበት ውኃ በባልዲ ተቀምጠው፣ ከፋርማሲ በተገዛ አዲስ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ የመስታወቱን ውኃ በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ እያንጠባጠቡ፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ሦስት እጥፍ እስኪሆን መጠበቅ። ሁለት ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ሽሪምፖቹ ብቻ በመጥለፊያ ይገባሉ፤ የመጡበት ውኃ አይገባም።

የሚደፋው ውኃ ወዴት እንደሚሄድም ከወዲሁ ይታሰብ። ከጎንደርና ከፀዳ አካባቢ የሚወርደው ጎርፍ በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሐይቁን ሰሜናዊ ዳርቻ ምን እንዳደረገው ደምቢያ ያውቀዋል፤ እሱም በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው በአብዛኛው ለአበባው ውበት በሰው እጅ ነው። ኒዮካሪዲናም በጀርመንና በፖላንድ ሞቅ ያሉ ወንዞችና ቦዮች ውስጥ ከአኳሪየም ወጥታ እየተራባች ተገኝታለች። ግልገሎቿ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆኑ ከባልዲ ጋር መደፋታቸው አይታወቅም። የተቀየረው ውኃ ከቦይ ርቆ ጓሮ ላሉ አትክልቶች ይፍሰስ፤ ናይትሬቱ ለጎመኑ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ያመለጠች ግልገልም ደረቅ አፈር ላይ ትቀራለች።