ውሃ ብረትን የሚሰነጥቅበት ወራት

በጣና ሐይቅ ላይ የሚመላለሰው የሞተር ጀልባ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ ውሃው በረዶ ሆኖ አያስቸግረውም። ስለዚህ ውሃ ብረትን ሰነጠቀ ቢባል ከመካከላችን ተረት የሚመስለው አይጠፋም። በስዊድን፥ በፊንላንድ ወይም በአሜሪካ በሚኒሶታ ግን ይህ ነገር ባለ ጀልባው ሁሉ በየዓመቱ የሚጠነቀቀው አደጋ ነው።

ምክንያቱን እንመልከት። የብዙ ጀልባ ሞተር ከሐይቁ ውሃ በፓምፕ እየሳበ፥ በሞተሩ አካል ውስጥ እያዞረ፥ ከጭሱ ጋራ መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል። ሞተሩ ሲቆም ግን ውሃው ሁሉ አይወጣም፤ ጥቂቱ በየጎድጓዳው ይቀራል። ውሃ ደግሞ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ በመጥበብ ፈንታ መስፋት ይጀምራል፤ በረዶ በሆነም ጊዜ መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። መስፊያ ቦታ ሲያጣ የብረቱን ግድግዳ ይሰነጥቃል። የሚያሳዝነው፥ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚታወቀው ብርዱ አልፎ ሞተሩ ሲነሣና ውሃ ከዘይት ጋራ ተቀላቅሎ ሲገኝ መሆኑ ነው።

ጥንቃቄው ከባድ አይደለም። ጀልባው ከሐይቁ ከወጣ በኋላ ማፍሰሻ ብሎኖቹ ተፈትተው ውሃው ይወርዳል፤ ቀዳዳው በዝገት ወይም በአሸዋ ተደፍኖ እንደሆነ በሽቦ ይጠረጋል። ብሎኖቹ ተመልሰው ከታሰሩ በኋላ የመሳቢያው ቱቦ በባልዲ ካለው ፀረ በረዶ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ይነሣል፤ ቀለም ያለው ፈሳሽ ከጭስ ማውጫው ሲወጣ ይጠፋል። አሮጌው ውሃ ሳይፈስ ፈሳሹን መጨመር ግን ማቅጠን ብቻ ነው፤ የቀጠነውም ፈሳሽ ከበረዶ አያድንም።

ይህ ፈሳሽ ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ወደ ሐይቁ ሊፈስ ይችላል። በአውቶሞቢል ራዲያተር የተለመደው ኤቲሊን ግላይኮል ለሰውም ለእንስሳም መርዝ ስለሆነ፥ ለዚህ ሥራ ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው ፕሮፒሊን ግላይኮል ይመረጣል። የራስን ሞተር ለማዳን የጋራን ውሃ መመረዝ አይገባምና።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይባላል። እኛም ይህን የጻፍነው ጀልባ ላለው ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት ሹም መኪና፥ የውሃ ፓምፕ ወይም የመብራት ሞተር በአደራ ሲረከብ፥ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው እንዴት እንደሚነሣ ብቻ ሳይሆን፥ ሥራ ፈትቶ በሚቆምበት ወራት እንዴት እንደሚጠበቅም ነው። ብዙ መሣሪያ የሚበላሸው በሥራ ላይ ሳይሆን ቆሞ ሳለ ነውና።