ያልተጻፈበት ዳር

ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ትንሽ የተቀመጠ ሰው አንድ ልመና ደጋግሞ ይሰማል፦ «እህቴ፣ ማርጅኑን ጠበብ አድርጊልኝና ገጹ ይቀንስ።» ጠያቂው ክፋት የለበትም፤ የሚከፍለው በገጽ ነው። በጽሑፉ ዙሪያ ያለው ነጭ ቦታ ግን ለእሱ ብክነት ነው፤ የወረቀትም የገንዘብም። እኔ ደግሞ በረጅም ሰነድ ውስጥ እንደ ኅዳግ ብዙ ሥራ ያለበት፣ እንደ ኅዳግም የተናቀ ነገር አላውቅም።

አከፋፈቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ላይአውት፣ ማርጅንስ፣ ከዚያ ከዝርዝሩ ግርጌ ከስተም ማርጅንስ። የላይ፣ የታች፣ የግራና የቀኝ ቁጥር ይሞላል፣ አለቀ። ማንም ካልነካቸው በማይክሮሶፍት ወርድ አራቱም 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች ናቸው። በፈረንጆቹ 2007 ከተሰየመው እትም በፊት ግን ግራና ቀኙ 3.17 ሴንቲ ሜትር ነበሩ። ከዘመናት በፊት የተዘጋጀ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እየገለበጠ የሚሠራ ጸሐፊ፣ በአዲስ ፋይል ላይ ጽሑፉ ለምን ሰፋ ብሎ እንደሚወጣ ግራ ቢገባው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከቁጥሮቹ በፊት ወረቀቱን እዩ። ብዙ ኮምፒውተር የአሜሪካኑን ሌተር ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ 21.59 በ27.94 ሴንቲ ሜትር ነው። እኛ አገር ማተሚያው ላይ የሚጫነው ኤ4 ነው፤ 21 በ29.7። አንዱ በስፋት ይበልጣል፣ ሌላው በቁመት። በሌተር የተለካ ኅዳግ በኤ4 ሲታተም ማተሚያው ወይ ያሳንሰዋል ወይ ያንሸራትተዋል፤ የሞላችሁት ቁጥርም ወረቀቱ ላይ አይገኝም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ወደ ጥረዛው በኩል።

ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ ባለ ጥረዛ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ አንዲት ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፏን ልትወስድ መጣች። ጥቁር ልባስ፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ፣ ምንም አይወጣለትም። ገለጥ ስታደርገው ፊቷ ተለወጠ። 1፣ 3፣ 5 እያሉ የሚሄዱት ገጾች የተዋጣላቸው ናቸው። በ2፣ 4፣ 6 ላይ ግን የየመስመሩ መጨረሻ ወደ መታጠፊያው ገብቶ ተውጧል፤ መጽሐፉን በሁለት እጅ ካልፈለቀቁት አይነበብም።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ደህና ነበር!»

«ልጄ፣ እኔ የምጠርዘው ያመጣሽልኝን ነው» አሏት ጠራዡ።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲዋ መመሪያ እንዳዘዛት ግራውን 3.8 ሴንቲ ሜትር አድርጋዋለች፤ የቀኙን ደግሞ ገጽ ለመቆጠብ አጥብባዋለች። መመሪያው ግን የታሰበው በአንድ ፊት ብቻ ለሚታተም ጽሑፍ ነው። እሷ ወረቀት ለመቆጠብ ፊትና ጀርባ አሳተመችው። የወረቀቱ ፊት ላይ ጥረዛው በግራ ነው፤ ሲገለበጥ ግን ያው ጥረዛ በቀኝ ይሆናል። ስለዚህ በጀርባው ገጽ ሁሉ ሰፊው ኅዳግ ምንም ወደማይነካው ውጭ ሄደ፣ ጠባቡ ደግሞ ለሙጫው ተሰጠ። ስክሪን ጥረዛ የለውም፤ ስለዚህ ይህን ጉድ አስቀድሞ አያሳይም።

መድኃኒቱ እዚያው ከስተም ማርጅንስ ሳጥን ውስጥ ነው፤ መልቲፕል ፔጅስ በሚለው ቦታ ሚረር ማርጅንስን መምረጥ ብቻ። ያኔ «ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉት ስሞች ራሳቸው ይጠፉና «ውስጥ» እና «ውጭ» ይተካሉ። ይህን ለውጥ በጣም ነው የምወደው። ፕሮግራሙ ስለ አንድ ገጽ ማሰብ ትቶ ስለ ተገለጠ መጽሐፍ ማሰብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ አንባቢው ዓይን ሥር የሚገባው ሁለት ሁለት ገጽ ሆኖ ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ኅዳጎችም መሐል ላይ ተገናኝተው እንደ አንድ ይታያሉ።

ከዚሁ ጎን ጋተር የሚባል አምስተኛ ቁጥር አለ፤ ብዙ ሰው ዜሮ እንደሆነ ይተወዋል። ጋተር ልብስ ሰፊ ለስፌቱ እንደሚተወው ጨርቅ ነው፤ ከውጭ አይታይም፣ ከሌለ ግን ልብሱ ይጠባል። በጥረዛው በኩል ባለው ኅዳግ ላይ ይደመራል። «ይደመራል» የምትለዋን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም የውስጡን 3.8 አድርጎ በላዩ 1.3 ጋተር የሚጨምር ጥንቁቅ ነኝ ባይ ሞልቷል፤ ከዚያ አምስት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ አይቶ ኮምፒውተሩን ይረግማል። ወይ ሁሉንም በውስጥ ኅዳጉ ጨርሱት፣ ወይ ኅዳጉን ለዓይን፣ ጋተሩን ለጠራዡ ከፋፍሉት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የጥረዛው ዓይነት ሲለወጥ የሚነካው አንድ ቁጥር ብቻ ይሆናልና። ዋጋም አለው። ኤ4 ላይ በ2.54 ኅዳግ የአንድ መስመር ስፋት 15.92 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ጋተር ሲጨመር 14.92 ይሆናል። 100 ገጽ የነበረው ሰነድ ወደ 107 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። በገጽ የሚከፍለው ወዳጃችን ይህን ሲሰማ እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ።

የብራና ጸሐፊዎቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይሻሉ ነበር። አንድ ፊደል ከመጻፉ በፊት ብራናው በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም በሌለው ሹል ነገር ይሰመራል። ዳሩ፣ ዓምዱ፣ የመስመሩ ብዛት ሁሉ የሚወሰነው ያኔ ነው። ጥንታዊ መጽሐፍ የማየት ዕድል ያገኘ ሰው ጠርዝ ጠርዙ ላይ የተሰለፉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይፈልጋቸው። በብዙዎቹ ሰፊው ዳር የታችኛው ሲሆን ጠባቡ የውስጠኛው ነው። ያን ቺኾልድ የተባለው የፊደል ጥበብ ሊቅም የአውሮፓን የመካከለኛ ዘመን መጻሕፍት ለክቶ፣ ከውስጥ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ወደ ውጭና ወደ ታች 2፣ 3፣ 4፣ 6 እያለ የሚያድግ መጠን አውጥቷል፤ እዚያም ጠባቡ ውስጡ፣ ሰፊው ግርጌው ነው።

«ታዲያ የውስጡ ጠባብ ከሆነ ለምን አልተዋጠባቸውም?» የሚል ካለ ጥያቄው ደግ ነው። መልሱ ያለው በአጠራረዙ ላይ ነው። የኛ ብራና በእንጨት ገበታዎች መካከል በክር ሰንሰለት ይሰፋል እንጂ ጀርባው በሙጫ አይጣበቅም፤ ስለዚህ ሲገለጥ ዝርግት ብሎ እስከ ስፌቱ ድረስ ይታያል። በሙጫ የተጠረዘው የዛሬው ጽሑፍ እንዲህ አይከፈትም። የአባቶችን መጠን ያለ አባቶች ስፌት መውሰድ አይቻልም። ሰፊው ዳርም ሥራ ፈትቶ አልኖረም፤ በየዘመኑ የመሬት ስጦታው፣ ውሉ፣ የምስክሩ ስም በመጻሕፍቱ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ እየተጻፈ እንደ መዝገብ ሲያገለግል ኖሯል። የታሪክ ሊቃውንት ስለ ርስት ብዙ ያወቁት ከዚያ ነው።

ስለ ቀኙ ጠርዝ ደግሞ ለአማርኛ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለኝ። ቃላችን ረጅም ነው፤ «እንዳላስታወቃቸውም» ዓይነቱ አንድ ቃል የመስመሩን ሰፊ ድርሻ ይወስዳል። ወርድ አማርኛን ቃል ከፍሎ ወደሚቀጥለው መስመር አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጠርዝ ቀጥ አድርግ ሲባል ያለው አማራጭ በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት መለጠጥ ነው። ኅዳጉ በሰፋና ፊደሉ በተለቀ ቁጥር ገጹ ጥርሱ እንደወለቀ ይሆናል። የብራናው ጸሐፊ ሁለት ነጥብ ቃላቱን ስለሚለይለት የመስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቃሉን የትም ይቆርጠዋል፣ ጠርዙም ያለ ችግር ይስተካከልለታል። እኛ ሁለት ነጥቡን ትተን ባዶ ቦታውን ስንይዝ ይህን ነፃነት አጣን። ኅዳጉ ሰፊ ከሆነ ቀኙን ሳታስተካክሉ ተዉት፤ ነውር የለውም።

ጽሑፉን ከዳር ለማራቅ ስፔስ የሚደረድሩ፣ ወደሚቀጥለው ገጽ ለመሻገር ኤንተር የሚያንጠባጥቡ ሰዎች ላይ ቃል አላባክንም። ያውቁታል።

የቀረው ሴክሽን የሚባለው የሰነድ ክፍል ነው። ሰው ኅዳግ የገጽ ይመስለዋል፤ በወርድ ውስጥ ግን የሴክሽን ነው። መካከል ላይ ለሚገባ ሰፊ ሰንጠረዥ አንድን ገጽ ብቻ አግድም ለማዞር የምትፈልጉ፣ ከገጹ በፊትም በኋላም ሴክሽን ብሬክ አስገቡ፤ ያለዚያ ሰነዱ በሙሉ ይጋደማል። በተጋደመው ገጽ ላይ ጥረዛው የሚይዘው የሰንጠረዡን አናት እንደሆነም አትርሱ፤ ሰፊው ኅዳግ ወደ ላይ ይሂድ። የአንድ ሴክሽን ኅዳግ ተመዝግቦ የሚቀመጠው በመጨረሻው ላይ ባለው ብሬክ ውስጥ ነው። ብሬኩን «ይህች መስመር ምንድን ናት» ብሎ የሚደመስስ ሰው፣ በላይ ያለውን ጽሑፍ የታችኛውን ሴክሽን ኅዳግና አቅጣጫ ያስለብሰዋል። ሠላሳ ገጽ ድንገት ሲጋደም «ቫይረስ ገባ» ይባላል። ቫይረስ አይደለም፤ ወዲያው ኮንትሮልና ዜድ። ከመደምሰሳችሁ በፊት የአንቀጽ ምልክቱን ቁልፍ ተጭናችሁ የተደበቁትን ምልክቶች ማየት ትችላላችሁ፤ ብሬኩን ሁለት ጊዜ ጠቅ ስታደርጉት ደግሞ የዚያ ሴክሽን የኅዳግ ሳጥን ይከፈታል።

ኅዳግ በተነካ ቁጥር ገጾች ይገፋፋሉና ማውጫውን በኤፍ9 አድሱ። ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ የሱቁ ኮምፒውተር የእናንተ ፊደል ከሌለው መስመሩን ሁሉ እንደገና ያስተካክለዋል። ሲታተምም «ፊት» (Fit) የሚለውን ምርጫ አስነሡና «አክችዋል ሳይዝ» አስደርጉ፤ «ፊት» ገጹን ስለሚያሳንሰው የለካችሁት 3.8 ሌላ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። መቶውን ገጽ ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ አውጡና በማስመሪያ ለኩት።