«ሲቲ ስካኑ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ፦ የጭንቅላት ምት፣ ማገገምና ጾም

በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት የጥድፊያ ሰዓት ነው። ሠራተኛው ከመግሪብ አዛን በፊት ቤቱ ለመድረስ ይሮጣል፤ እናት ሾርባውንና ሳምቡሳውን ታሰናዳለች፤ ልጆች ቴምር ለመግዛት ወደ ሱቅ ይላካሉ። ከባጃጅ ወይም ከሞተር ሳይክል መውደቅ፣ ከደረጃ መንሸራተት፣ ኳስ ሜዳ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት መጋጨት በማንኛውም ወር ያጋጥማል። በዚህ ወር ሲያጋጥም ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ የተመታው ሰው ይጹም ወይስ ይፍጠር?

ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገው ጉዳቱ የማይታይ መሆኑ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ጀሶው ይመሰክርለታል። ጭንቅላቱን ተመትቶ በሲቲ ስካን «ምንም የለም» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ግን ይናገራል፣ ይራመዳል፣ ይስቃልም። ቤተሰቡ «ደህና ሆነሃል» ይለዋል፤ እሱም ሰው ሁሉ በጾመበት ቤት ውስጥ ጤነኛ መስሎ መብላቱ ያሳፍረዋል። በዚህ ኀፍረት የተነሳ በሁለት ሳምንት የሚያልፍ ሕመም ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ሐኪሞች ቀላል የአንጎል ጉዳት ወይም ኮንከሽን ይሉታል። «ቀላል» መባሉ ለሕይወት ከሚያሰጋው ከባድ ጉዳት ለመለየት እንጂ ሕመሙ ስለማይሰማ አይደለም። የንቃተ ሕሊና ደረጃን የሚለካው የግላስጎው መለኪያ ከ15 ነጥብ 13 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ራስን መሳት ካለ ከ30 ደቂቃ፣ አደጋውን ተከትሎ የሚመጣው የመርሳት ችግርም ከ24 ሰዓት ካልበለጠ ጉዳቱ ቀላል ይባላል። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸውን ጭራሽ አይስቱም። ስለዚህ «ራሱን አልሳተም» ማለት «አንጎሉ አልተጎዳም» ማለት አይደለም።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ወይም ሲወናጨፍ አንጎልም አብሮ ይናወጣል፤ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ። በሕዋሳቱ ውስጥ መቆየት የነበረበት ፖታሲየም ይወጣል፤ ካልሲየም ይገባል። ይህን ወደ ቦታው ለመመለስ ሕዋሳቱ ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይፈልጋሉ። ችግሩ በዚያው ጊዜ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም የሚቀንስ መሆኑ ነው። ሲቲ ስካን የሚፈልገው ደም መፍሰስንና ስብራትን ነው፤ ይህን የኃይል እጥረት አያሳይም። ውጤቱ ደህና ሆኖ ሰውየው የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ የሐሳብ መበታተን፣ መርሳት፣ የእንቅልፍ መዛባትና ቶሎ መቆጣት ናቸው። አንዳንዶቹ ከሰዓታት ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ብቅ ይላሉ።

የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ኢፍጧርም ሆነ ንጋት አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል መሄድ ያስፈልጋል፦

- እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ወይም የሚደጋገም ትውከት
- የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ወይም ለመቀስቀስ ማስቸገር
- የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ መደንዘዝ፣ የአንደበት መኮላተፍ
- አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው መስፋቱ
- እየጨመረ የሚሄድ ግራ መጋባት ወይም ያልተለመደ ጠባይ
- ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ደም ወይም ውኃ የመሰለ ፈሳሽ መውጣቱ
- በሕፃናት ላይ ደግሞ የማያባራ ለቅሶና ጡት እምቢ ማለት

እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ምልክት ባይኖራቸውም ጭንቅላታቸውን ከተመቱ መመርመር አለባቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ድሮ የተመታን ሰው ለቀናት ጨለማ ክፍል ውስጥ ማስተኛት ይመከር ነበር። ዛሬ ምክሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስተርዳም የተካሄደው በስፖርት የሚመጣ ኮንከሽንን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመከረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ ዕረፍት ነው። ቤት ውስጥ መንቀሳቀስና ትንሽ በእግር መራመድ ይቻላል፤ ስልክና ቴሌቪዥን ግን በነዚህ ቀናት መቀነስ አለባቸው። ከዚያ በኋላ ፍጹም ተኝቶ መቆየት ማገገሙን ያዘገየዋል እንጂ አያፋጥነውም።

«እንዳይተኛ፣ በየሰዓቱ ቀስቅሱት» የሚለው ምክርም በቤታችን የተለመደ ነው። ሐኪም አይቶ ወደ ቤት ያሰናበተው ሰው ግን መተኛት ይችላል፤ እንዲያውም እንቅልፍ ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ይበልጣል። ቤተሰብ እንዲቀሰቅሰው ሐኪሙ ራሱ ካዘዘ ብቻ እንደ ትዕዛዙ ይደረጋል። ለራስ ምታቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም የመፍሰስን ዕድል ሊጨምሩ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ምክር አይወሰዱም። ማስታገሻን ለሳምንታት በየቀኑ መውሰድ ደግሞ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

ጾሙስ?

ሱረቱል በቀራ በ184ኛውና በ185ኛው አንቀጹ ለታመመና ለመንገደኛ ጾሙን በሌሎች ቀናት እንዲተካ ፈቃድ ሰጥቷል። ዑለማእ እንደሚያብራሩት ይህ ፈቃድ ጾሙ ሕመሙን ያባብስበታል ወይም መዳኑን ያዘገይበታል ተብሎ የሚሰጋለትን ሰው ይመለከታል። ጉዳቱ በፎቶ መታየቱ መስፈርት አይደለም።

ከላይ እንዳየነው የተናወጠ አንጎል ኃይል ያጥረዋል። ውኃ ማጣት፣ ረሃብና የእንቅልፍ መቆራረጥ ደግሞ ጤነኛውንም ሰው ራሱን ያመዋል። ቡና የለመደ ሰው ሲጾም የሚሰማው ራስ ምታት ሲጨመርበት ሕመሙ ከጉዳቱ ይሁን ከጾሙ ለመለየት ለሐኪሙም ያስቸግራል። ስለዚህ የሚያስመልሰው፣ የሚያዞረው ወይም በቀን መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ይብላ፣ ይጠጣ፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ ከሐኪሙ ጋር፣ ስለ ሸሪዓው ፍርድ ደግሞ ከሚያውቀው ኢማም ጋር ይነጋገር። የሚድን ሕመም ስለሆነ ያለፈው ቀን የሚተካው በቀዷ ነው፤ ፊድያ የመዳን ተስፋ የሌለው ሰው ጉዳይ ነው።

ሕመሙ ቀሎለት መጾም የጀመረ ሰው አንድ ቀን ሞክሮ ራሱን ይመልከት። ሱሑርን አይዝለል፤ ከኢፍጧር እስከ ሱሑር ውኃ በየተወሰነ ጊዜ ይጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ ይረፍ። ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም ማዞሩ ከተመለሰ ያፍጥር። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታ የለበትም፤ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር «ግማሽ ቀን» ልጹም ቢልም በፍቅር ይከልከል።

ሶላትና የረመዳን ሌሊት

ጎንበስ ማለት ማዞርና ራስ ምታት ሊያባብስ ስለሚችል ሩኩዕና ሱጁድ የሚከብዳቸው አሉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለታመመው ሶሐባ ለዒምራን ቢን ሑሰይን የሰጡት ትምህርት ግልጽ ነው፦ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። ወንበር ላይ ሆኖ ለሩኩዕ በትንሹ፣ ለሱጁድ ከዚያ ዝቅ አድርጎ ማመልከት ይበቃል።

ተራዊሕ ሱና ነው፤ በቤትም ይሰገዳል። የመስጂዱ መብራት፣ የድምፅ ማጉያውና የሕዝቡ ብዛት ገና ለሚያገግም ሰው ይከብዳል። በሁለት ረከዓ መጀመርና እንደ አቅም መጨመር ይቻላል። ለሱሑር መነሳት ካለበት ዒሻን ሰግዶ ቶሎ ይተኛ፤ ከቀትር በኋላ አጭር እንቅልፍ ይጨምር። ሌሊቱን በጫት ማሳለፍ እንቅልፍን ስለሚነጥቅ ማገገምን በቀጥታ ይጎዳል። ቁርኣን መቅራት ዓይንን ካደከመ ማዳመጥ ይቻላል፤ ሒፍዝ የያዘ ልጅም አዲስ ገጽ ከመጀመር ለጊዜው የያዘውን ይከልስ።

ደረጃ በደረጃ መመለስ

አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይሻላቸዋል፤ ልጆች እስከ አራት ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ። የመመለሱ ሕግ ቀላል ነው፦ ጥቂት መሥራት፣ ማየት፣ መጨመር። ሲሠሩ ምልክቱ በመጠኑ ጨምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከበረደ ጉዳት የለውም፤ ከበረታ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ ነው። ተማሪ መጀመሪያ ለግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ ለሙሉ ቀን ትምህርት ቤት ይሂድ። ኳስ የሚከተለው ትምህርቱን ያለ ችግር ከቻለ በኋላና ሐኪም ሲፈቅድ ነው፤ ሳያገግሙ ሁለተኛ ጊዜ መመታት እጅግ አደገኛ ነውና። ሾፌርና ሞተር ሳይክል ነጂም ማዞሩ ሳይጠፋ መሪ አይያዙ። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ራስ ምታት፣ ትካዜ ወይም መርሳት ለሐኪም መነገር አለበት፤ ሕክምና አለው።

ቤተሰብ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ማመን ነው። ሲቆጣ «ጠባዩ ተለወጠ»፣ ሲተኛ «ሰነፈ» ከማለት ጉዳቱ የሚያመጣው መሆኑን ማወቅ፤ ምሳውን ሌላው ሳያየው እንዲደበቅ ሳያስገድዱ በክብር ማቅረብ፤ ያለፉትን ቀናት ቆጥሮ ጽፎ ማስቀመጥ፤ ከሚመጣው ረመዳን በፊት ቀዷውን ሲያወጣም አንድ ሁለት ቀን አብሮት መጾም። ብቻውን እንዳልጾመ ሲያውቅ የዕዳው ሸክም ይቀለዋል።