ያውቁ ኖሯል? ከአንድ ደቂቃ በታች ያለቀው በረራ

በስኮትላንድ ሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ዌስትሬይንና ፓፓ ዌስትሬይን የሚያገናኘው መደበኛ የመንገደኞች በረራ ከዓለም በአጭርነቱ አንደኛ ነው። በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል ያለው ርቀት 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቦሌ ኤርፖርት ማኮብኮቢያ እንኳ ከዚህ ይረዝማል!

በፕሮግራሙ የተያዘለት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ሲሆን፣ ነፋሱ ከኋላ ከገፋው ግን ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። እስካሁን የሚታወቀው ፈጣን በረራ 53 ሰከንድ ፈጅቷል። ርቀትን ለአውሮፕላን ፍጥነት አካፍሎ የጉዞ ሰዓት መገመት ብዙ ጊዜ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ የነፋስ አቅጣጫ፣ መነሣትና ማረፍ የሚወስዱት ጊዜ ሒሳቡን ይቀይሩታል። በአጭር መስመር ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይጎላል።

አውሮፕላኑ ብሪተን ኖርማን አይላንደር የተባለ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነው። ረዳት አብራሪ ስለሌለው አንድ መንገደኛ ከአብራሪው ጎን ተቀምጦ የእጁን እንቅስቃሴ በቅርብ ያያል። ከፍ ለማለት ጊዜ የለም፤ ባሕሩን ዝቅ ብሎ ተሻግሮ ወዲያው ያርፋል።

ሎጋንኤር የተባለው አየር መንገድ አገልግሎቱን የጀመረው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ቱሪስቶች ይወዱታል፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን መቶ ለማይሞሉት የፓፓ ዌስትሬይ ነዋሪዎች ነው። መምህራን፣ ተማሪዎችና ሐኪሞች ይመላለሱበታል። እግር የጣለው መንገደኛ በደሴቲቱ ላይ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የናፕ ኦቭ ሃወር የድንጋይ ቤት ሳያይ አይመለስ።