ስለ መንገደኛ ገንዘብና ስለ ባንክ ካርድ

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስንቁን ነው። ስንቅም በቀድሞ ዘመን በሶና ዳቦ ቆሎ ነበረ፤ ዛሬ ግን ባሕር ተሻግሮ ለሚሄድ ሰው ዋናው ስንቁ ገንዘቡ ነው። ገንዘብም ቢሆን በሄዱበት አገር ካልታወቀ በከረጢት ውስጥ ካለ ጠጠር አይሻልም። ስለዚህ ለመንግሥት ሥራ፥ ለትምህርት፥ ለሕክምና፥ ወይም ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወገኖቻችን በባንክ ካርድ ጥሬ ገንዘብ ስለሚያወጡበት መንገድ ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የመቅደላ አምባ ራሱ ምስክር ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ከዙላ ተነሥቶ፥ በሽሎን ተሻግሮ ወደ መቅደላ በመጣ ጊዜ፥ እህሉንና ሣሩን በየመንገዱ ከአገሬው ሰው የሚገዛው በገንዘብ ነበረ። የአገሩ ሰው ግን ያለመደውን የውጭ ገንዘብ አላመነም፤ የሚፈልገው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነበረ። እርሱንም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀበለውም፤ በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ነጥቡ ጐልቶ መታየቱን መርምሮ የፈዘዘውን ይመልሰው ነበር። ስለዚህ እንግሊዞች ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ጠገራ ብር፥ ከፊሉን ከየገበያው ሰብስበው፥ ከፊሉንም በቪየና አስመትተው ለዘመቻው አዘጋጁ። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ 4 ሚሊዮኑ ብቻ ከ112 ሺህ ኪሎ ግራም ያላነሰ ሸክም ነው። እንግዲህ ያን ያህል ኃያል መንግሥት የተጨነቀው ሀብት አንሶት ሳይሆን፥ በእንግዳ አገር የሚታመን ገንዘብ ማግኘት ስለ ቸገረው መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ከዚህም ሌላ መጽሐፈ ጦቢትን ያነበቡ ሊቃውንት ሁሉ እንደሚያውቁት፥ ጦቢት ዐሥር መክሊት ብር በሜዶን አገር በገባኤል ዘንድ አደራ አስቀምጦ ነበር። ኋላም መንገዱ ስለ ተበላሸ ገንዘቡን ሳያመጣ ብዙ ዘመን ኖረ፤ በእጁ የቀረው የአደራው ጽሕፈት ብቻ ነበረ። ያ ጽሕፈት በቀረበ ጊዜ ግን ገባኤል ብሩን ማኅተሙ ሳይፈታ አስረከበ። ዛሬ የባንክ ካርድ የምንለውም በምሥጢሩ ከዚህ አይርቅም። ገንዘቡ በባንክ ይቀመጣል፤ መንገደኛው የሚይዘው ምስክሩን ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ጽሕፈቱን ይዞ የሄደው ጦብያ ራሱ ሳይሆን የተላከው መልአክ ነበረ፤ ገባኤልም ጽሕፈቱን አይቶ ከፈለ። ካርድም እንዲሁ ነው፤ የያዘውና የምሥጢር ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ፥ መልአክም ይሁን ሌባ፥ ይከፈለዋል።

ገንዘብ የሚከፍለው መኪና በመጀመሪያ የተተከለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በለንደን በኤንፊልድ ነው። አሠራሩም ዛሬ እንዲህ ነው። መንገደኛው ካርዱን አግብቶ ቁጥሩን በጻፈ ጊዜ፥ መኪናው ጥያቄውን በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መሥመር ወደ መንገደኛው ባንክ ይልካል፤ ባንኩም ሒሳቡን መርምሮ በጥቂት ሰከንድ ይመልሳል፤ መኪናውም በዚያው አገር ገንዘብ ይከፍላል። ይህን የሚጠቀም ሰው የሚከተሉትን ነገሮች ማወቅ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ዴቢት ካርድ የራስን ገንዘብ ማውጣት ነው፤ ክሬዲት ካርድ ግን ብድር ነው። በክሬዲት ካርድ ዕቃ የገዛ ሰው በቀኑ ቢከፍል ብዙ ጊዜ ከወለድ ይድናል፤ ጥሬ ገንዘብ ያወጣ ግን ወለዱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቈጠርበታል። ስለዚህ ለጥሬ ገንዘብ ዴቢቱ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ መኪናው «በአገርህ ገንዘብ ላስላልህን?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ እሺ ማለት አይገባም። ምንዛሪውን የሚቈርጠው የመኪናው ባለቤት ስለሆነ ትርፉ ወደ እርሱ ይሄዳል። በሄዱበት አገር ገንዘብ ማስላት ይበጃል።

ሦስተኛ፤ ክፍያው በየጊዜው ስለሚደገም፥ ጥቂት ጥቂት እያሉ ከመመላለስ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ማውጣት ይቀላል።

አራተኛ፤ የምሥጢር ቁጥሩን ከካርዱ ጋራ ጽፎ ማስቀመጥ በርን ቈልፎ ቁልፉን ደጃፍ ላይ እንደ መተው ነው። ቁጥሩም ሲጻፍ በእጅ መሸፈን ይገባል።

አምስተኛ፤ ሁሉን ተስፋ በአንድ ካርድ ላይ መጣል አደጋ ነው። ከቦረና ወይም ከተንታ ተነሥተው ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱ አንድ አባት፥ ዓርብ ማታ መኪናው ካርዳቸውን ቢያስቀርባቸው፥ ቅዳሜ ባንኩ ዝግ ነውና እስከ እሑድ ማን ይደርስላቸዋል? ወደ መካ የሄደውም ሐጅ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ካርድና ጥቂት የውጭ ጥሬ ገንዘብ በልዩ ልዩ ስፍራ ተከፋፍሎ መያዝ አለበት።

ደግሞም በአገራችን ለአገር ውስጥ የተሰጠ ካርድ ሁሉ ድንበር ተሻግሮ እንደማይሠራ መዘንጋት አይገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ቢሆን፥ ለውጭ ጉዞ የሚሆነው ካርድ አስቀድሞ ከባንክ ተጠይቆ፥ የጉዞው ማስረጃ ቀርቦ የሚወሰድ ነው። በመካነ ሰላም የሚኖር ሰው ይህን በመነሻው ዋዜማ አዲስ አበባ ደርሶ ከሰማ ረፍዶበታል። በዚያን ጊዜ ወደ ጥቁር ገበያ መሮጥ ይመጣል፤ እርሱም ሕግን ያስተላልፋል፥ ለአታላይም ያጋልጣል።

እንግዲህ ባንኮቻችን በየአውራጃው ላሉት ደንበኞች ይህን በአማርኛ ጽፈው ቢለጥፉ፥ የመሥሪያ ቤት አለቆችም ሠራተኛውን ከመላካቸው በፊት ካርዱን ቢመረምሩለት፥ የአድባራት አለቆችም ለተሳላሚው አስቀድመው ቢነግሩት፥ ወጪ የሌለው ታላቅ ረድኤት ነው። በመንግሥት ገንዘብ የተላከ ሰው በሰው አገር ገንዘብ አጥቶ ቢቆም፥ የሚያፍረው እርሱ ብቻ አይደለም፤ የላከውም መሥሪያ ቤት ያፍራል።