የቤት እድሳት ፍርስራሽ፦ ገንዳ ለመከራየት ስንት ያስወጣል? ሁለተኛው ሒሳብስ ከየት ይመጣል?

በአሜሪካ መኖሪያ ቤቱን ለማደስ የተነሣ ሰው የአዲሱን ወጥ ቤት ቁም ሳጥን፣ የወለሉን ሴራሚክና የቀለሙን ዋጋ አስቀድሞ ያሰላል። ከስሌቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከቤት የሚወጣው ነገር ነው። አሮጌው ወጥ ቤት በሁለት ቀን ፈርሶ በግቢ ሲከመር፣ በየሳምንቱ የሚመጣው የቆሻሻ መኪና እንደማይወስደው ግልጽ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚደወለው ትልልቅ የብረት ገንዳ ለሚያከራዩ ድርጅቶች ነው።

ይህ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ በርካታ የአካባቢያችን ተወላጆች እንግዳ ጉዳይ አይደለም። አሮጌ ቤት ገዝቶ ቀስ በቀስ ማደስ፣ ምድር ቤቱን ለኪራይ ማሰናዳት ወይም ጣሪያ መቀየር በየሰፈሩ የሚታይ ሥራ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ግድግዳ ያፈረሰ ሰው ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልኩ ይጋፈጣል፤ ፍርስራሹን ማን ያነሣዋል? የትስ ይደፋዋል? በስንት?

በአሜሪካ ገንዳው የሚጠራበት “ዳምፕስተር” የሚለው ቃል የመጣው ከሰው ስም ነው። በቴኔሲ ግዛት የኖክስቪል ከተማ ነዋሪ የነበረው ጆርጅ ዴምፕስተር፣ በመኪና ተነሥቶ የሚገለበጥ የብረት ገንዳ ሠርቶ እአአ በ1930ዎቹ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የቤተሰቡን ስም “መድፋት” ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አዳቅሎም ሰየመው። ሰውየው ኋላ ላይ የከተማዋ ከንቲባ ሆኗል።

ለቤት እድሳት የሚከራየው ገንዳ ግን ከምግብ ቤቶች ጀርባ ከሚታየው ባለ ክዳን ሣጥን የተለየ ነው። አናቱ ክፍት ነው፤ መኪናው እያንሸራተተ ግቢ ውስጥ ወይም መንገድ ዳር ያስቀምጠዋል፤ ሲሞላም ጎትቶ ይጭነዋል። መጠኑ የሚነገረው በኪዩቢክ ያርድ ሲሆን የተለመዱት ባለ 10፣ ባለ 15፣ ባለ 20፣ ባለ 30 እና ባለ 40 ናቸው። አንድ ኪዩቢክ ያርድ ከሜትር ኩብ ሦስት አራተኛ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ባለ 20 የሚባለው ገንዳ 15 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። በአዲስ አበባ አሸዋ የሚያመላልሰው ሲኖ ትራክ አብዛኛውን ጊዜ 16 ሜትር ኩብ እንደሚጭን ለሚያውቅ አንባቢ፣ ባለ 20ው ገንዳ የአንድ ሲኖ ትራክ ጭነት ያህል ነው ማለት ነው።

የኪራዩ ዋጋ ከከተማ ከተማ ቢለያይም፣ ባለ 10 ያርድ ገንዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ዶላር፣ ባለ 20 ያርድ ከ400 እስከ 600 ዶላር፣ ባለ 30 ያርድ ደግሞ እስከ 800 ዶላር ይጠየቅበታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የገንዳው መጠን በእጥፍ ሲያድግ ዋጋው በእጥፍ አለማደጉ ነው። መኪናው፣ ሹፌሩና ነዳጁ ለትንሹም ለትልቁም ያው ስለሆኑ፣ ትንሽ ገንዳ ሁለት ጊዜ ከመከራየት አንድ ትልቅ መከራየት ብዙውን ጊዜ ይረክሳል።

በስልክ የሚነገረው ይህ ዋጋ ግን የመጀመሪያው ሒሳብ ብቻ ነው። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ገንዳው ከሄደ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ነው።

ምንጩ ክብደት ነው። ተከራዩ የሚያየው የገንዳውን ስፋት ሲሆን፣ ድርጅቱ ግን ፍርስራሹን ወደ መድፊያ ስፍራ ሲያደርስ የሚከፍለው በሚዛን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪራይ የክብደት ጣሪያ አለው። ለባለ 10 ያርድ ከአንድ እስከ ሁለት ቶን፣ ለባለ 20 ያርድ ከሁለት እስከ ሦስት ቶን የተለመደ ነው። ቶን ሲባልም የአሜሪካው ቶን ነው፤ 907 ኪሎ ግራም። ከጣሪያው በላይ ለሆነው እያንዳንዱ ቶን፣ እንደየአካባቢው ከ40 እስከ 100 ዶላር ይጨመራል።

እንደ ምሳሌ አንድ ቤተሰብ ባለ 20 ያርድ ገንዳ በ500 ዶላር ለሰባት ቀን ተከራየ እንበል፤ የተፈቀደለት ክብደት ሁለት ቶን ነው። የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥንና ሴራሚክ ሲያስወጣ አንድ ቶን ይሆናል። ከዚያ “ገንዳው ገና ባዶ ነው” ብሎ በጓሮ ያለውን የተሰነጠቀ ኮንክሪት ጨመረበት። ኮንክሪቱ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር፣ ውፍረቱም አሥር ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ 1.2 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ተሰባብሮ እንኳ ከገንዳው አንድ ስምንተኛውን እጅ ገደማ ብቻ ይይዛል። የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ክብደት ግን 2.4 ሜትሪክ ቶን ያህል በመሆኑ፣ ያ ትንሽ ክምር ብቻውን ከሦስት የአሜሪካ ቶን በላይ ይመዝናል። ጠቅላላው 4.2 ቶን ሆነ። ለትርፉ 2.2 ቶን በ80 ዶላር ሒሳብ 176 ዶላር ይጠየቃል። ሥራው ዘግይቶ ገንዳው ሦስት ቀን ቢያድርና ለእያንዳንዱ ቀን 10 ዶላር ቢታሰብ፣ 500 የነበረው ከ700 ዶላር ያልፋል። ገንዳው ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ከባድ የሆኑት ኮንክሪት፣ ጡብ፣ አፈርና የጣሪያ ሽፋን ናቸው። ለዚህም ነው ብዙ ድርጅቶች ኮንክሪትና አፈርን በትልልቅ ገንዳ የማይቀበሉት፤ በባለ 10 ያርዱም ቢሆን እስከ አፉ እንዲሞላ አይፈቅዱም። በሌላ በኩል ኮንክሪት ከሌላ ነገር ሳይደባለቅ ለብቻው ከተጫነ ተፈጭቶ ለመንገድ ሥራ ስለሚውል፣ የመድፊያ ክፍያው ሊቀንስ ይችላል። ቤተሰቡ ኮንክሪቱን ለብቻው ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ሳይጠቀም አይቀርም።

የመድፊያ ክፍያው በአሜሪካ በአማካይ በቶን 60 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ ሕዝብ በተጨናነቀባቸው የምሥራቅ ግዛቶች ከዚያ ይበልጣል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው እአአ በ2018 በአሜሪካ የወጣው የግንባታና የፍርስራሽ ተረፈ ምርት 600 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ከቤትና ከንግድ ቦታ ከሚወጣው ቆሻሻ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የመጣው ከማፍረስ ነው።

በአውሮፓ ደግሞ መንግሥታት ዋጋውን ሆን ብለው ያስወድዱታል። በእንግሊዝና በሰሜን አየርላንድ እአአ በሚያዝያ 2025 በጀመረው የግብር ዓመት ወደ መቅበሪያ ስፍራ ለሚሄድ ቆሻሻ በቶን 126.15 ፓውንድ ግብር ይከፈል ነበር፤ እንደ አፈርና ድንጋይ ላሉት የማይበሰብሱ ነገሮች ግን 4.05 ፓውንድ ብቻ ነበር። በለንደን “ስኪፕ” የሚሉትን ገንዳ የሚከራይ ሰው ፍርስራሹን መለየቱ ምን ያህል ሊጠቅመው እንደሚችል ከዚህ ልዩነት ይታያል።

ከክብደት ሌላ ሒሳቡን የሚያሳድጉ ነገሮች አሉ። ገንዳው ግቢ ውስጥ ካልገባና መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ የከተማ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ዲሲ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው የከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ቀለም፣ ባትሪ፣ ጎማና ማቀዝቀዣ በአብዛኛው አይፈቀዱም፤ ከተገኙም ቅጣት ያስከትላሉ። በአሮጌ ቤቶች ሊገኝ የሚችለው አስቤስቶስ ደግሞ ለጤና አደገኛ በመሆኑ ከተራ ገንዳ ፈጽሞ አይጨመርም። ዝናብ የጠጣ ምንጣፍና እንጨት ሚዛን ላይ ሲወጣ ለውኃውም ያስከፍላል፤ ሸራ ማልበስ ርካሽ መፍትሔ ነው። ሸራው ጎረቤት በሌሊት አሮጌ ፍራሹን ይዞ እንዳይመጣም ሳያግዝ አይቀርም።

ሥራው የአንድ መታጠቢያ ቤት ያህል ከሆነ ገንዳ መከራየት ላያስፈልግ ይችላል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብሮች በ30 ዶላር አካባቢ የሚገዛ፣ ሦስት ኪዩቢክ ያርድ የሚይዝ ጠንካራ ከረጢት አለ፤ ማንሻው ግን ለብቻው ይከፈላል። ፒካፕ መኪና ያለው ሰው ራሱ ወስዶ መድፋት ይችላል። ደህና ሆኖ የተነቀለ ቁም ሳጥንና በር ደግሞ፣ ያገለገለ የቤት ዕቃ እየሸጡ ለበጎ አድራጎት ለሚያውሉ መደብሮች መስጠት የጭነቱን መጠን ይቀንሳል።

በአዲስ አበባ ነገሩ በሌላ ሥርዓት ይሄዳል። ቆርቆሮው፣ ፌሮው፣ በሩና መስኮቱ ገና ሳይነቀል ገዢ ያገኛል፤ የተረፈውን ቁራሌው ይወስደዋል። የተሰበረው ብሎኬትና ድንጋይ ለሌላ ግቢ መሙያ ይሆናል። በዚህ ረገድ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን ያነሰ ታባክናለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቀረው አፈርና ፍርስራሽ በገልባጭ መኪና ይነሣል፤ ዋጋውም በቢያጆ ነው። በመኪናው ዓይነት፣ በርቀቱ፣ በነዳጁና በጫኞች ክፍያ ላይ ድርድር ይደረጋል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከ2016 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ደግሞ፣ ያለፈው ዓመት ዋጋ ለዘንድሮ መነሻ መሆኑ አጠራጣሪ ነው።

በድርድሩ ውስጥ እምብዛም የማይነሣው መድረሻው ነው። በአሜሪካው ሒሳብ ትልቅ ድርሻ የያዘው የመድፊያ ክፍያ በቢያጆው ዋጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ሹፌሩ በቅርብ በደፋ መጠን ነዳጅ ይቆጥባል፤ ስለዚህ ጭነቱ ከወንዝ ዳር ወይም ከባዶ መሬት ሊደፋ ይችላል። በወንዝ ዳር የተከመረ አፈር የውኃውን መንገድ ያጠብባል፤ ክረምት ሲገባም ውኃው ወደ ዝቅተኛ ቤቶች ይዞራል። ከቢያጆው የተቀነሰውን ገንዘብ የሚከፍሉት እነዚያ ቤተሰቦች ናቸው።

በ1999 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የግንባታ ተረፈ ምርትንም ይመለከታል። የመድፊያ ስፍራ ጉዳይ ግን ከወረቀት በላይ ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በናይሮቢም ዳንዶራ የቆሻሻ መድፊያ ሞልቷል ከተባለ ከሃያ ዓመታት በኋላ ቆሻሻ ሲቀበል ቆይቷል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የተካሄደው የኮሪደር ልማትም ብዙ ቤቶችንና አጥሮችን አፍርሷል፤ የሚነሣውም ፍርስራሽ በዚያው ልክ በዝቷል።

ቤቱን ሊያድስ የተዘጋጀ ሰው በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቦሌ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ከመፈራረሙ በፊት “ፍርስራሽ ማንሣት” የሚለው ሐረግ በውሉ ውስጥ መኖሩን ቢያይ ይበጀዋል። በአሜሪካ ገንዳ አከራዩን የሚጠይቀው ስንት ቶን እንደተፈቀደ፣ ትርፉ በቶን ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው፤ ተጨማሪ ሒሳብ ከመጣበትም የሚዛኑን ደረሰኝ ማየት ይችላል። በአዲስ አበባ ሚዛኑ ስለሌለ የሚስማማው በቢያጆው ቁጥርና በመድፊያው ስፍራ ነው። ከክፍያው ከፊሉን መኪናው ደፍቶ እስኪመለስ ይዞ መቆየትም ይችላል።