10 ሳንቲ ሜትሯ ካሬ 9.6 ብትሆንስ? የዲጂታል ፓተርን ልኬት እንዴት ይረጋገጣል?

ዛሬ ዛሬ የልብስ ፓተርን በፒዲኤፍ ፋይል ይሸጣል፤ በነፃም ይወርዳል። ፋይሉን ከፍታችሁ ሃያና ሠላሳ ወረቀት ታትማላችሁ፣ ወረቀቶቹን አጋጥማችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ከዚያ ጨርቁ ላይ ዘርግታችሁ ትቆርጣላችሁ። ከገጾቹ በአንዱ ላይ አንዲት ባዶ ካሬ አለች፤ ብዙ ጊዜ አጠገቧ «10 ሳ.ሜ × 10 ሳ.ሜ» የሚል ይጻፋል። ብዙ ሰው አይቶ ያልፋታል። ሌላው ደግሞ ማስመሪያ ጠጋ ያደርግና «9.6 ናት፤ 4 ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች?» ይላል። እስቲ የምታመጣውን በቁጥር እንየው።

4 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 4 በመቶ

10 መሆን የሚገባት ካሬ 9.6 ከሆነች ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ በ4 በመቶ አንሷል ማለት ነው። ይህ ስህተት በአንድ ቦታ ተወስኖ አይቀርም፤ ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር አብሮ ያድጋል። የ1.5 ሳ.ሜ የስፌት ትርፍ ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ አይታወቅም። አንድ ሜትር ላይ ግን 4 ሳ.ሜ ይሆናል።

የደረቷ ዙሪያ 100 ሳ.ሜ ለሆነ ሴት ሸሚዝ እንሰፋለን እንበል። ሸሚዙ ልክ 100 ሆኖ አይሰፋም፤ መተንፈሻና እጅ ማንቀሳቀሻ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፓተርኑ 6 ሳ.ሜ ተጨምሮበት 106 ሆኖ ተነድፏል። በ96 በመቶ ሲታተም ያ 106 ወደ 101.8 ገደማ ይወርዳል። ሰውነቷ ግን ያው 100 ነው። ከ6 ሳ.ሜ መላወሻ የቀረው 1.8 ብቻ! ከወረቀቱ ላይ የጠፋው 4 በመቶ ቢሆንም ከመላወሻው ላይ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው ሄዷል።

ክፋቱ ደግሞ ስህተቱ እስከ መጨረሻው ድረስ ምልክት አይሰጥም። ፓተርኑ የፊትና የኋላውን ግማሽ ግማሽ ብቻ ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ደረቱ ላይ ከ26.5 ወደ 25.4 ሳ.ሜ ቢወርድ ዓይን አይለየውም። ሁሉም ቁራጭ እኩል ስላነሰ እጅጌው ከትከሻው፣ ጎኑ ከጎኑ በትክክል ይገጥማል። ስፌቱ ያምራል። ችግሩ የሚታወቀው ሲለበስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጨርቁ ተቆርጧል።

ለምን ያንሳል?

አብዛኞቹ የቤትና የቢሮ ፕሪንተሮች እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ማተም አይችሉም፤ ዙሪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ ይተዋሉ። ለደብዳቤ ሲሆን ሶፍትዌሩ ጽሑፉ እንዳይቆረጥ ብሎ ገጹን አሳንሶ ያስገባዋል። «ፊት» ወይም «ፊት ቱ ፔጅ» የሚለው ምርጫ ሥራው ይኸው ነው። በኤ4 ወረቀት ስፋት፣ ማለትም በ210 ሚሊ ሜትር ላይ፣ በግራና በቀኝ 4.2 ሚሊ ሜትር ቢተው 201.6 ይቀራል። ያ በትክክል 96 በመቶ ነው። ለደብዳቤ የሚጠቅመው ይህ አሠራር ፓተርንን ያበላሻል።

ሁለተኛው ምክንያት የወረቀቱ መጠን ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው ኤ4 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። አሜሪካና ካናዳ የሚሠራበት ሌተር ግን 215.9 በ279.4 ነው፤ በስፋት ይበልጣል፣ በቁመት ያንሳል። ለኤ4 የተሠራ ፓተርን አሜሪካ ያለች እህታችሁ ቤት «ፊት» ተብሎ ሌተር ላይ ቢታተም፣ ቁመቱ እንዲገባ ሲባል ወደ 94 በመቶ ይወርዳል። ለሌተር የተሠራው አዲስ አበባ ላይ በኤ4 ሲታተም ደግሞ ወደ 97 በመቶ ገደማ ይሆናል። የፕሪንተሩ ባዶ ጠርዝ ከተጨመረበት ሁለቱም ከዚህ ይብሳሉ።

ካሬዋን እንዴት እንለካት?

መጀመሪያ ሁሉንም ገጽ አታትሙ፤ ካሬዋ ያለችበትን አንድ ገጽ ብቻ አትሙ። ከዚያ፦

በጠንካራ ማስመሪያ ለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር በብዙ አገልግሎት ሊለጠጥ ይችላል። የማስመሪያው ጫፍ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችልም ከ0 ሳይሆን ከ1 ጀምሩ፤ ማብቂያው 11 ላይ መድረስ አለበት።

ከመስመሩ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላኛው መስመር ግራ ጠርዝ ለኩ። መስመሩ ራሱ ውፍረት አለው፤ አንዱን ከውስጥ ሌላውን ከውጭ ከለካችሁ ያ ውፍረት ልኬት ውስጥ ይገባል።

ወደ ጎንም ወደ ቁመትም ለኩ። ፕሪንተሩ ወረቀቱን የሚስብበት ፍጥነት ትንሽ ከተዛባ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል።

የካሬዋ መጠንም ወሳኝ ነው። በዓይን ስናነብ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳት ያለ ነገር ነው። 10 ሳ.ሜ ላይ ይህ 0.5 በመቶ ነው፤ በ106 ሳ.ሜ ሸሚዛችን ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ካሬዋ 1 ኢንች ብቻ ከሆነች ግን ያው ግማሽ ሚሊ ሜትር 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ሸሚዙ ላይ 2 ሳ.ሜ! ስለዚህ ካሬዋ ትንሽ ከሆነች በእሷ ብቻ አትመኑ። ገጾቹን ስትለጥፉ በየመገጣጠሚያው 1 ሚሊ ሜትር መሳት ስላለም፣ ከለጠፋችሁ በኋላ ርዝመቱ የተጻፈበትን ረጅም መስመር ፈልጋችሁ ለኩ። አንዷ ገጽ ትክክል ሆና አምስቱ ሲጋጠሙ ሊዛነፉ ይችላሉ።

አንድ ወጥመድም አለ። አንዳንድ ፓተርን ላይ «2 ኢንች / 5 ሳ.ሜ» ተብሎ ይጻፋል። 1 ኢንች በትክክል 2.54 ሳ.ሜ ስለሆነ 2 ኢንች 5.08 ነው። ሁለቱ በ1.6 በመቶ ይለያያሉ፤ አንድ ካሬ ሁለቱንም ልትሆን አትችልም። ፓተርኑ በየትኛው መለኪያ እንደተነደፈ አይታችሁ በዚያው ለኩ።

ቁጥሩ ምክንያቱን ይናገራል

10 ሳ.ሜ የተባለችው ካሬ 9.4 ከሆነች፣ የኤ4 ፋይል ሌተር ላይ እንዲገባ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል። ከ9.5 እስከ 9.8 ከሆነች «ፊት» የሚለውን ተጠራጠሩ። በትክክል 7.5 ከሆነች ጉዳዩ ፕሪንተሩ ጋ አይደለም፦ አንዱ ፕሮግራም አንድ ኢንችን 72 ነጥብ፣ ሌላው 96 ነጥብ አድርጎ ቆጥሮታል፤ 72 ለ96 ሲካፈል 0.75 ነው። በተገላቢጦሹ ደግሞ 13.3 ትሆናለች። ወደ ጎን ትክክል ሆና ወደ ቁመት ከተሳሳተች ሌላ ፕሪንተር ሞክሩ።

ማስተካከያው በአብዛኛው ቀላል ነው። የማተሚያ ሴቲንጉ ውስጥ «አክቿል ሳይዝ» ወይም 100% የሚለውን ምረጡ፤ የወረቀቱ መጠን ኤ4 መባሉንም እዩ። በስልክ ወይም በብሮውዘር ስታትሙ ይህ ምርጫ ሊደበቅ ስለሚችል ፋይሉን በፒዲኤፍ ማንበቢያ ክፈቱት። ፎቶ ኮፒ ቤት የምታሳትሙ ከሆነ «100 ፐርሰንት፣ ፊት ሳይደረግ» ብላችሁ ንገሯቸው። በቴሌግራም ስትልኩም በፋይልነት ላኩ፤ ስክሪንሾት ከሆነ ካሬዋ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነች የሚናገር መረጃ አብሮት አይሄድም።

«4 በመቶ ከጎደለ 104 በመቶ ላትመው» የሚል ሐሳብ ሊመጣባችሁ ይችላል። ስሌቱ እንደዚያ አይደለም። የሚያስፈልገው 100 ለ96 ሲካፈል ነው፤ 104.2 በመቶ ገደማ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ትንሽ ነው፤ በ75 በመቶ ለታተመ ፓተርን ግን 25 በመቶ ብትጨምሩ 93.75 ላይ ትቀራላችሁ፤ የሚፈለገው 133.3 ነው። ገጹን ማሳደግ ደግሞ ጠርዙን ሊያስቆርጥ ስለሚችል፣ ይህ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ካሬዋ በሁለቱም አቅጣጫ ከ9.95 እስከ 10.05 ባለው ውስጥ ከወደቀች ቀሪዎቹን ገጾች አትሙ። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሰውነት የለካችሁበትን ሜትርም ከማስመሪያው ጋር አስተያዩት። የተለጠጠ ሜትር ሰውነትን አሳንሶ ያነባል፤ ያኔ ፓተርኑ በትክክል ቢታተምም የመረጣችሁት ሳይዝ ይጠባችኋል።